ክዳኑ ሥር ያለው እጅ

ከጨቅላው ወተት አጠገብ የበቀለው ይሄ ነገር ምንድን ነው? አያትየዋ ማቀዝቀዣውን እንደከፈቱ ቀሩ። ክዳን ባለው ጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ ገርጣ ያለ ነገር የእጅ ቅርጽ ይዞ ተኝቷል። ሻጋታ እንዳይሉት አምስት ጣት አለው። የልጅ ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ስላልተመለሰች የሚጠይቁት ሰው አልነበረም። እናቱን ያጣውን ጨቅላ ሌላ ክፉ እንዳይነካባቸው ብለው፣ ሳህኑን በጨርቅ ይዘው ከሚሞቀው ቴሌቪዥን ጀርባ ሸሸጉት።

በማግስቱ ጠዋት በረኪና ይዘው ቢመጡ እጁ ወፍሯል። ጣቶቹ አብጠው ሊነካኩ ደርሰዋል። ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ቆልመም ብላለች። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ያቺን ጣት ያውቋታል። ልጃቸው ትንሽ ሳለች በር ጨፍልቋት ጠማማ ሆና የቀረች ናት። ልጃቸውን ከቀበሩ ወር አልሞላቸውም።

"ሙቀት ላይ ማን አስቀመጠው?" አለች የልጅ ልጃቸው ከኋላቸው።

"እኔ ነኝ። የማን እጅ ነው?"

ባዮሎጂ ተማሪዋ አልሸሸገችም። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች መዳፏን ሳህኑ ውስጥ ባለው የባክቴሪያ ማብቀያ ላይ አሳርፋላት ነበር። ያደገው ቆዳዋ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ነው፤ ብርድ ያዘገየዋል፣ ሲሞቀው ራሱን እየቀዳ ለሁለት ይከፈላል።

"ሕይወት አለው በይኛ።"

"አለው። ግን እማዬ አይደለችም፣ እማማ። ባክቴሪያ ኒውክለስ የለውም፤ ዘረመሉ ክብ ሆኖ እንዲሁ ሕዋሱ ውስጥ የተለቀቀ ነው። የእሷ ሕዋስ ኒውክለስ አለው፤ ዘረመሏ እዚያ ውስጥ፣ በክሮሞዞም ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ሳህኑ ላይ ያደገው ውስጥ የእሷ የሚባል የለም።"

"እሷ ሞታ፣ በላይዋ የነበሩት ይባዛሉ?"

ልጅቷ የሳህኑን ክዳን ጠበቅ አድርጋ ገጠመች።

"የእሷስ የት አለ?"

"ግማሹ እኔ ውስጥ። ግማሹ እሱም ውስጥ።" በአገጯ ጨቅላው ወደተኛበት ክፍል አመለከተች።

"ለካ ጠዋት ጠዋት ማቀዝቀዣ ከፍተሽ የምትገተሪው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ እርቧት ነው ብዬ እንቁላል እጠብሳለሁ።"

ልጅቷ ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። ላብራቶሪ ወስዳ በእንፋሎት ልትገድለው ነገ ነገ ስትል መክረሟን ነገረቻቸው። ከዚያ ጡጦ ልታጥብ ወደ ኩሽና ገባች።

ጨቅላው አለቀሰ። ትንሽ ሲነጫነጭ እንኳ ከመቀመጫቸው የሚስፈነጠሩት አያት አልተነሱም። ለቅሶው በረታ። ልጅቷ ሕፃኑን አቅፋ ስትመጣ፣ በረኪናው ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። አያትየዋ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ ዘርግተው፣ ጣት በጣት ገጥመው፣ ትንሿን ጣታቸውን እንደ ታችኛዋ ቆልምመዋል።

"ይሞቃል" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ልጅቷ የአያቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከክዳኑ አላቀቀች። የሚያለቅሰውን ሕፃን አሳቀፈቻቸው። ሳህኑን በጨርቁ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ላብራቶሪ ልትወስደው ከቤት ወጣች።