ጣሪያ የተሸከመው ሮቦት

ጠማማ ግድግዳ አይታ ዝም ብላ ማለፍ ስለማይሆንላት ሰፈሩ ሁሉ በግድግዳ ማቅኛው ገመድ ስም «ቱንቢ» ይላታል። ግንበኛ ናት። ጦርነቱ ከተማውን ፍርስራሽ አድርጎት ካለፈ ወዲህ ሥራ ሞልቷል፤ የጠፋው ደህና ጡብ ነው።

አንድ ጠዋት ጡብ ፍለጋ ከአጎቷ ጋር ወደ አሮጌው ማተሚያ ቤት ሄዱ። ፎቁ እንዳለ ወርዷል፤ አንድ ጥግ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ቱንቢ ትክ ብላ አየችው።

«አጎቴ፣ ይሄ ጥግ መውደቅ ነበረበት እኮ።»

«አልወደቀም እንግዲህ። አንቺን ምን አስጨነቀሽ?»

«ምሰሶ የለውማ! ምን ይዞት ነው?»

ነገር አንዴ ከልቧ ከገባ አይወጣላትም። በፍርስራሹ መሃል ባገኘችው ቀዳዳ ሾልካ ገባች። ጨለማውን ስትለምደው ጣሪያውን በትከሻው ደግፎ የተንበረከከ የጦር ሮቦት አየች። ቢጫ ዓይኑ በራ።

«ሰዎቹ ወጡ?» አላት።

«የ... የትኞቹ ሰዎች?»

«ከኋላዬ፣ ከማተሚያው መኪና ስር የነበሩት። ምሰሶውን የመታሁት እኔ ነኝ። ከመታሁ በኋላ አንዲት ሴት ‹ልጆቼን!› ስትል ሰማሁ። ጣሪያው ሲወርድ ከስሩ ገባሁ። አንገቴ አይዞርም፤ አላየኋቸውም።»

ቱንቢ በደረቷ ተስባ ፈተሸች። የተጣለ ብርድ ልብስ አለ፤ የኋላው ግድግዳ ተቦርቡሮ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል።

«ወጥተዋል። ታዲያ አሁን ለምን አትለቀውም?»

«አንቺ ከስር ነሽ።»

ወጥታ ለአጎቷ ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ። አንድ እግሩን የበላው እንዲህ ያለ ሮቦት ነው።

«ይጨፍልቀው! ነይ እንሂድ።»

«ለምን እንዳዳናቸው ሳልጠይቀውማ አልሄድም።»

«ጅብም ለምን አልበላኸኝም ተብሎ ይጠየቃል?»

እርሷ ግን በማግስቱ ኖራና አሸዋዋን ይዛ ተመለሰች። ከሮቦቱ ጎን ምሰሶ እየገነባች ጥያቄዋን ታዥጎደጉድበት ጀመረች።

«ግባ ብሎ ያዘዘህ ማነው?»

«ማንም። ትእዛዙ ወደፊት ሂድ ነበር።»

«ለምን እምቢ አልክ ታዲያ?»

ቱንቢ ሁለት ረድፍ ጡብ ደረደረች።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር።»

አጎቷ ጥቂት ቀን ካኮረፈ በኋላ በክራንቹ እየተነጫነጨ መጣ። «ያቦካሽው ኖራ ቀጥኗል» ብሎ አካፋውን ነጠቃት። ቆይቶ ወደ ቀዳዳው ጮኸ፦

«እኔ ስጮህስ? ያኔ ጆሯችሁ የት ነበር?»

«እኔ አልነበርኩም» አለ ሮቦቱ። «ብኖርም ያኔ አልሰማህም ነበር።»

አጎትየው ኖራውን ደጋግሞ አገላበጠው።

ምሰሶው ሲደርቅ ቱንቢ በእሱና በጣሪያው መሃል የእንጨት ሽብልቅ መትታ አጠበቀችና «ቀስ ብለህ!» አለች። ሮቦቱ ትከሻውን አላቀቀ። ጣሪያው አቃሰተ፤ ግን ቆመ። ሮቦቱ እንደጎበጠ እየተጎተተ ወደ ፀሐዩ ወጣ። በፍርስራሹ ላይ ዓይኑን አንከራተተና ጠየቀ፦

«ሌላ ሊወድቅ የደረሰ የት አለ?»

ከዚያ ወዲህ እሱ ይደግፋል፣ ቱንቢ ትገነባለች። ጎረቤቱ መጀመሪያ በሩን ይዘጋ ነበር፤ ኋላ ግን «የኛንም እዩልን» እያለ ይለምን ጀመር። አጎትየው እስከ ዛሬ ለሮቦቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚያቦካው። ፀሐይ ሲከር ግን ዞር ሳይል «አንተ፣ ና ጥላው ውስጥ ግባ» ይለዋል።