ጥቁሩ ጠጣር

የባሌን አባት ስም በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር አንድ ቀን አልጠራሁም፤ እዚህም አልጽፈውም። ምራት ነኝ፣ አይፈቀድልኝም። ጣጣው ስማቸው በእኛ ቋንቋ ብረት ማለት መሆኑ ነው። ስለዚህ ብረትን «ጥቁሩ ጠጣር» እላለሁ። የጎረቤቴማ ይብሳል፤ አማቷ በበግ ስም ስለሚጠሩ በጎቿን «ጸጉራሞቹ» እያለች ነው የምታግደው።

ባለፈው በጋ ቤጋይም የምትባል ተማሪ ከዋና ከተማችን ከቢሽኬክ ቤታችን መጣች። ከቱርክ ዘመድ ቋንቋዎች ሁሉ ቃል እየለቀመች፣ የሁሉንም ቅድመ አያት ቃል መልሳ ልትሠራ ነው አሉ። የፈረስ ጫማ አንስታ ከምን እንደተሠራ ጠየቀችኝ። አማቼ አጠገባችን ሻይ ይጠጣሉ።

«ከጥቁሩ ጠጣር» አልኳት።

ዘላ ሳመችኝ። ድምፄን ቀርጻ እየፈነደቀች ሄደች።

ትናንት ደግሞ ልታመሰግነኝ ተመልሳ መጣች። «እትዬ ዙራ፣ ቱርኮቹ ደሚር፣ የሳይቤሪያዎቹ ቲሚር ይላሉ፤» እሷ ናት ያለችው፣ እኔ የለሁበትም፤ «እናንተ ብቻ ከሁሉም የቀደመ ቃል አቆያችሁ! መመረቂያዬ በሙሉ የቆመው በእርስዎ ቃል ላይ ነው። ማክሰኞ መምህራኑ ፊት እቀርባለሁ።»

ክው አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ባል አላገባሽም እንዴ?»

«አላገባሁም።»

«ያስታውቃል!»

በአገጬ፣ እንደ አምናው አጠገባችን ሻይ ወደሚጠጡት አማቼ ጠቆምኳት። ባለፈው በጋ የነገሯት ስማቸው ትዝ ሲላት ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጉዴ ፈላ! እንግዲያው ትክክለኛውን ቃል አንዴ ይበሉልኝና ልቅረጸው። ከዚያችው ሴት አፍ ካልሰሙ አያምኑኝም።»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

ማልቀስ ጀመረች። ጥፋቱ የእኔ ነውና አንጀቴን በላችው። ለራሴ እንጂ ለእሷ መች አሰብኩ?

አፍንጫዋን ጠርጋ ደብተሯን ገለጠች። «ቢያንስ ቅድመ አያቱን ይበሉልኝ። ተሙር። ከሁለት ሺህ ዓመት ወዲህ ማንም አልጠራውም፣ የማንም ስም አይደለም።»

የሞተ ቃል ማንን ይነካል ብዬ መቅረጫው ላይ ጎንበስ አልኩ። «ተሙር።»

«አቤት!» አሉ አማቼ።

ቤጋይም መቅረጫውን ይዛ እሳቸው ፊት ተንበረከከች። «አባባ፣ ስምዎን ማን ልበል?»

ደረታቸውን ነፍተው ሦስት ጊዜ ነገሯት። እኔ ፊቴን በሻሼ ሸፍኛለሁ።

«ዙራ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «በሠላሳ አራት ዓመት አንዴ ብትጠሪኝ፣ እሱንም አጣመምሽው።»