የአስያ እስስት

ባለቤቴ አስያ ረመዳን በወጣ ሰሞን ጓሮ ውስጥ ወደቀች። ደም ግፊት ነው አሉ። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ ምላሷም ተያዘ። ሆስፒታል ሰነበተችና ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷት አለን። «ምግብ ከወሰደች ትበረታለች። ካልወሰደች እኛም የምንጨምርላት ነገር የለም» አለኝ። በግልጽ ስለነገረኝ አመሰገንሁት።

መዋጥ አላቃታትም። አፏን አልከፍት አለች እንጂ። አጥሚቱን በማንኪያ ሳስጠጋ ጥርሷን ትገጥማለች። አትቆጣም፤ ፊቷንም አታዞርም። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ልመና አላውቅበትም። እርሷን ግን ለመንሁ።

ቤታችን ከሚሴ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው በኩል። ከብት በደጃችን ስለሚያልፍ ዝንብ አይጠፋም። አስያ ዝንብ ፊቷ ላይ ሲያርፍ እንኳ እጇን አታነሣም። አጠገቧ ተቀምጬ በፎጣ አባርራለሁ። ለሶላት ስነሣ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ አምባዬ ከአጥሩ ማዶ ሲጮህ ሰማሁ። ዱላ ይዟል። አጥሩ ሥር ያለው የዘይቱና ዛፍ ላይ እስስት ወጥታበት ኖሯል።

«ተዋት፤ ምን አደረገችህ?» አልሁት።

«አንተ ደግሞ ቃሲም! ይቺ ከነከሰች አህያ ካልጮኸ አትለቅም ሲባል አልሰማህም?»

«ከሚሴ ውስጥ አህያ ይጠፋል ብለህ ነው?»

ሳቀና ዱላውን አወረደ። «ምን ልታደርጋት ነው?»

«ዝንብ ትበላለች።»

«ቤት ልታስገባት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ዝንብ አያባርርልኝም።»

ከነቅርንጫፏ ቆርጬ ወሰድኋት። የዘይት ቆርቆሮ አሸዋ ሞላሁና ቅርንጫፉን ተከልሁት፤ ከአስያ አልጋ ግርጌ፣ መስኮቱ ሥር አቆምሁት።

እስስቷ ከሰል መሰለች። አትበላም፤ አትንቀሳቀስም። ውሃ በስኒ አቀረብሁላት፤ ዞር ብላም አላየችው። የምትሞት መሰለኝ። ለዙህር ሶላት ታጥቤ፣ ውዱእ አድርጌ ስገባ እጄን ሳራግፍ ጠብታው ቅጠሉ ላይ ወደቀ። አንደኛው ዓይኗ ወደ ጠብታው ዞረ፤ ሌላው እኔን ያያል። ጎንበስ ብላ ላሰችው። ከዚያ ወዲህ ውዱእ ባደረግሁ ቁጥር እጄን ቅጠሉ ላይ አራግፋለሁ። ጠዋት ቆርቆሮውን ተሸክሜ ፀሐይ ላይ አውላታለሁ። በእጄ አልነካትም፤ ሲነኳት ትጠቁራለች። ቀስ በቀስ አረንጓዴ እየሆነች መጣች።

አንድ ቀን አጥሚቱን ይዤ ተቀምጫለሁ። ዝንብ መስኮቱ ላይ አረፈ። እስስቷ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች፤ ቆመች። ምላሷ ወጥቶ ተመለሰ፤ ዝንቡ የለም። ዞር ስል አስያ አፏን ከፍታለች፤ ሕፃን ሲደነቅ እንደሚከፍተው። «ቢስሚላህ» ብዬ ማንኪያውን አስገባሁ። ዋጠች።

ማዕዳችን በዚሁ ቀጠለ። ማንኪያ ሞልቼ እስስቷ እስክታነጣጥር እጠብቃለሁ። እሷ ስትበላ አስያም ትበላለች። ዝንብ ያነሰ ቀን ወደ ጨፋ ሜዳ ወርጄ ከማሽላው ዳር ፌንጣ በላስቲክ አመጣለሁ። አምባዬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ሽማግሌ ፌንጣ ሲያባርር አሳየኸኝ፤ እግዜር ይስጥህ» ይለኛል።

የአስያ ጉንጭ ሞላ አለ። ግራ እጇን ማንሳት ጀመረች። አንዴ እስስቷ ዝንቡን ስታ ምላሷ መስኮቱ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ከአስያ ጉሮሮ ድምፅ ወጣ። ሳቅ ነው። እኔ በዕድሜዬ ብዙ አሳቅኋት የምል ሰው አይደለሁም።

ልጃችን ኡምኩልሱም ያገባችው ባቲ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች ለእናቷ ዱአ እንዲያደርጉ ጠርታ ሐሙስ መጣች። ደግ ልጅ ናት፤ እጇ አያርፍም። እስስቷን ስታይ በሩ ላይ ቀረች።

«አባየ፣ ይሄን ነገር ከእማየ ጋር ታሳድራለህ?»

«እናትሽን የምታበላት እሷ ናት።»

«አስተግፊሩላህ በል እንጂ!»

«አስተግፊሩላህ። አሁንም የምታበላት እሷ ናት።»

ለምሳ አሳየኋት። እናቷ ስትውጥ አይታ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ስለ እስስቷ ክፉ አልተናገረችም።

በማግስቱ መስጊድ ሄድሁ። በእኛ ዘንድ በታመመች ሴት ፊት ላይ ዝንብ ያየ ጠያቂ፣ ይቺ ሴት ልጅ የላትም ብሎ ነው የሚወጣው። ለሴት ልጅ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ኡምኩልሱም ይህን ፈራች። ጎረቤቶች አግዘዋት እናቷን በረንዳ አወጣች፤ ቤቱን አጠበች፤ የዝንብ መድኃኒት ረጨች። እስስቷን መንካት አልደፈረችም። እንዳትጎዳ ብላ ቆርቆሮውን ከነቅርንጫፉ በነጠላዋ ሸፈነችው። ቤቱን አናፍሳ እናቷን መልሳ አስተኛች፤ ነጠላውንም አነሣች።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ስገባ ሽታው ከበር ተቀበለኝ።

«ምን ረጨሽ?» አልኋት።

«ለዝንቡ ነው አባየ። እሷን ሸፍኛት ነበር።»

ዱአውን የሚመሩት ሼህ ሙሀመድኑር ግን ተቀምጠው «ረቢ ያሽራት» ብለው እጃቸውን ዘርግተዋል። ምንጣፉ ላይ ማለፊያ የለም። በር ሥር ተቀመጥሁ።

ዱአው ቀጠለ። መስኮቱ ደፍ ላይ መድኃኒቱ የመታቸው ዝንቦች በጀርባቸው ይሽከረከራሉ። እስስቷ ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም። አንዱን ወሰደች። አስያ አፏን ከፈተች። ማንኪያ የያዘ ሰው የለም። እስስቷ ሌላ ወሰደች፤ አስያ እንደገና ከፈተች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያትና «አሚን እያለች ነው! ማሻአላህ!» አለ። ቤቱ በሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሚን አለ። እኔም እጄን እንደዘረጋሁ አሚን አልሁ። ዓይኔ ከመስኮቱ አልተነሣም።

ሰው ወጥቶ ሳያልቅ እስስቷ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እግሯ ቅርንጫፉን ለቀቀ፤ በጅራቷ ተንጠለጠለች፤ ወደቀች። ውሃ በጣቴ አንጠባጠብሁላት። አልላሰችም። የዐስር አዛን ሳይሰማ ሞተች።

ኡምኩልሱም እግሬ ሥር ቁጭ አለች። «ሸፍኛት ነበር እኮ አባየ።»

«አውቃለሁ።»

«አውፍ በለኝ።»

«አውፍ ብያለሁ። ተነሺና አጥሚቱን አሙቂ።»

ማታም፣ ጠዋትም አስያ አፏን አልከፈተችም። ከአምባዬ ጋር ሌላ እስስት ፍለጋ ወጣን። አጥር ለአጥር ሄድን፤ እስከ ወንዙ ዳር ወረድን። አምባዬ ቁጥቋጦውን ሁሉ በእጁ እየገለጠ አየ። «ሳንፈልጋት ትመጣለች፤ ስንፈልጋት ጠፋች» አለ። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ቤት ስገባ ኡምኩልሱም ማንኪያ ይዛ ታለቅሳለች። አስያ ጥርሷን ገጥማ ባዶውን ቅርንጫፍ ታያለች።

ልጄን ወደ ውጭ ላክኋትና በሩን ዘጋሁ። አስያ በምታየኝ በኩል መስኮቱ ሥር ቆምሁ። ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ ልጆቼ ስቀልድ አይተውኝ አያውቁም። አንገቴን ቀስ ብዬ አሰገግሁ፤ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዝሁ፤ ምላሴን እስከቻልሁት ድረስ አውጥቼ መለስሁ።

አስያ ዓይኗን ከቅርንጫፉ አንሥታ አየችኝ። ደገምሁት።

ግራ እጇን አነሣች። ማንኪያውን የፈለገች መስሎኝ ይዤ ተጠጋሁ። ፊቴን ዳሰሰች። ጣቶቿን ከንፈሬ ላይ አድርጋ አፌን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ የራሷን አልከፈተችም፤ እንባዋ ወረደ።

እጇን ባለበት ያዝሁት። አጥሚቱ በሌላው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።