ቢጫ ያልሆነው ብርሃን

መምህር ወልደንኪኤል አገጫቸውን የዓይን ሌዘሩ መደገፊያ ላይ አላሳርፍም አሉ።

«መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ይህ ቢጫ ብርሃን ከየት ነው የሚመጣው?»

ምርቃት ሰዓቷን አየት አደረገች። ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር ባለው የዓይን ክሊኒክ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ናት። ሥራዋ ሌዘሩን አሙቆ፣ ኃይሉን ለክቶ ለሐኪሟ ማስረከብ እንጂ ከታካሚ ጋር መከራከር አልነበረም። እሳቸው ግን አሥመራም አዲስ አበባም ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ግራ ዓይናቸውን ስኳር በሽታ ወስዶባቸዋል። የቀረቻቸው ቀኟ ነበረች፤ እሷም ከውስጥ መድማት ጀምራለች። የሚደሙትን ሥሮች ሌዘሩ ዛሬ ካልዘጋቸው ነገ ማንም ምንም ሊያደርግላቸው አይችልም።

«መምህር፣ ዶክተር ሰዲቃ አሁን ትመጣለች እኮ።»

«ትምጣ! ከኢስትሊ እዚህ ድረስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተጨናንቄ የመጣሁት ሳልጠይቅ ዓይኔን ላስተኩስ ነው እንዴ?»

ምርቃት ሳቀችና ወንበር ሳበች። «እሺ። ውስጡ ቢጫ የሚያመነጭ አንድም ነገር የለም።»

«ይኸውልሽ! ጠርጥሬ ነበር።»

«መጀመሪያ ትንሽ ዳዮድ አለ፤ የማይታይ ብርሃን ወደ አንድ ክሪስታል ይረጫል። ክሪስታሉ ያንን ይውጥና ሁለት ሌላ ብርሃን ይሰጣል። እነሱም አይታዩም። የአንዱ የሞገድ ርዝመት አንድ ሺህ ስልሳ አራት ናኖሜትር ነው፣ የሌላው አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ዘጠኝ። ሁለቱ አብረው ወደ ሁለተኛ ክሪስታል ይገባሉ። እዚያ ከአንዱ አንድ ቅንጣት፣ ከሌላው አንድ ቅንጣት ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ፤ ጉልበታቸው ይደመራል።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በልባቸው አሰሉ።

«አምስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ገደማ» አሉ። «ጨው እሳት ላይ ስትበትኚ የሚወጣው ቢጫ! ሁሉም ቅንጣት ታዲያ ጓደኛ ያገኛል?»

«የለም፣ ብዙው ሳይገናኝ ያልፋል።»

«ያለፈው የት ይሄዳል?»

«መውጫው ላይ ማጣሪያ መስታወት አለ። ቢጫውን ያሳልፋል፣ የቀረውን ይመልሳል።»

«ሲመልሰው አይተሻል?»

«መምህር፣ አይታይም እኮ!»

«እንግዲያው አላየሽም።»

ምርቃት ሌዘሩን አየችው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የሌዘሩን መስታወቶች አውጥታ አጽድታ ነበር። ከጽዳቱ በፊት መለኪያው አንድ ነጥብ አምስት ዋት ያሳይ ነበር፤ ከጽዳቱ በኋላ አንድ ነጥብ ስምንት። እጄ ጥሩ ነው ብላ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች። መለኪያው ግን የሚቆጥረው ሙቀት ነው፤ ቀለም አይለይም። የጨመረው ቢጫ ላይሆን ይችላል።

በሩን ቆለፈች፤ ለእሳቸውም ለራሷም መከላከያ መነጽር አደረገች። ጨረሩ ፊት ብርሃንን በየቀለሙ የሚለይ ፕሪዝም አቆመች። ቢጫው ታጥፎ ነጭ ወረቀት ላይ አረፈ፤ በመነጽሩ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል። መለኪያውን ከቢጫው ጎን፣ ምንም ወዳልነበረበት ጨለማ ቀስ አድርጋ ገፋችው። ዜሮ መሆን ነበረበት፤ አልሆነም።

«ስንት አለ?» አሉ መምህር ወልደንኪኤል። ቁጥሩን ማንበብ አይችሉም።

ማጣሪያው መሳቢያዋ ውስጥ እንደቀረ ገባት። ትናንት ስታጸዳ እዚያ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ጥርት ያሉ መስታወቶች ነበሩ፤ አንዱ ማጣሪያው፣ አንዱ ተራ መለዋወጫ። ለዓይን አይለያዩም። ቀይሮ መግጠም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ዜሮ» ብትል ማን ያውቅባታል?

«ሦስት መቶ ሚሊዋት» አለች። «ትናንት ተራውን መስታወት ገጥሜያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መምህሩ ወደ ድምጿ ዞሩ። «ከዚያ ወዲህ እዚህ ወንበር ላይ ማን ተቀምጧል?»

«ማንም። የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።»

«ተመስገን» አሉ መምህሩ።

ዶክተር ሰዲቃ ስትመጣ ምርቃት አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። የሐኪሟ ፊት ተለዋወጠ። ቢጫው ደም ሥሩ ላይ ይቀራል፤ የማይታየው ግን አልፎ ከበስተጀርባ ያለውን ያቃጥላል።

«ለሌላ ቀን እናዛውረው» አለች በእንግሊዝኛ። «አንቺም ሪፖርት ትጽፊያለሽ።»

«ደሜ ቀጠሮ አይጠብቅም፣ ዶክተር» አሉ መምህሩ፣ እሳቸውም በእንግሊዝኛ። «ማጣሪያውን ትግጠም። እዚሁ ፊቴ ትለካ። ቁጥሩን ግን አንቺ አንብቢልኝ።»

ምርቃት ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ጋለ፤ ትክክል መሆናቸውንም አወቀች። መስታወቱን ቀየረች፣ ፕሪዝሙን አቆመች፣ ከመለኪያው ዞር አለች። ሐኪሟ ጎንበስ አለች።

«ዜሮ።»

«ድገሚው።»

«ዜሮ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ፣ ይቅርታ።»

«ዜሮ ነው፣ ምዜ!» አለች ሐኪሟ፤ በአገሯ ቋንቋ «ሽማግሌው» ማለቷ ነው።

«መልካም» አሉና አገጫቸውን አሳረፉ። «አንቺ ልጅ፣ የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ፣ መምህር።»

«ያንን ተራ መስታወት ምልክት አድርጊበት። አሁኑኑ፣ ሳትረሺ።»

ምርቃት ማርከር ፈልጋ አነሳች። ዶክተር ሰዲቃ የሌዘሩን ፔዳል ረገጠች።