የቁልፍ ቀራጩ ልጅ

ጻድቋ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ እኔን ግን ውጭ አስቀመጠችኝ። ብቻዋን መሆኗን የማውቀው በሩ መስታወት ስለሆነ ነው። አንዴ ቀና ብላ አየችኝ፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ መልሳ አቀረቀረች። ሰው እየጠበቀው መሆኑን እያወቀ ወረቀት ማገላበጥ ደስ የሚለው ዓይነት ሰው አለ፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት። የልጅ ልጄ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። «በደረጃው ላይ መሮጥ ክልክል ነው። ከጸሎት በፊት እጃችንን እንታጠብ።» ቀስ በይ ብላት ድምፅዋን ቀነሰች እንጂ አላቆመችም።

ጻድቋ ስሟ አይደለም። ያወጡላት እዚህ ያስተማሩን መነኮሳይት፣ ሲስተሮቹ፣ ናቸው፤ እነሱ የምራቸውን፣ እኛ ደግሞ ለማሾፍ እንጠራት ነበር። ልጆች ሆነን የእነሱና የእኛ ቤት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ቧንቧው የጋራ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የጋራ፣ ጠቡም የጋራ። ጠዋት ጠዋት አብረን እዚህ የካቶሊክ ትምህርት ቤት እንመጣ ነበር። ዛሬ እሷ የዚሁ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። እኔ ደግሞ አባቴ ትቶልኝ በሄደው ኪዮስክ ውስጥ ቁልፍ እቀርጻለሁ።

የመጣሁት ለልጅቷ ስል ነው። የሠፈራችን ትምህርት ቤት ጣሪያው ሊወርድ ነው ተብሎ ተዘግቷል። ሌላው ያለው ከትልቁ አስፋልት ማዶ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ይያዛል። እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ፈቃድ ስታገኝ ብቅ ትላለች። ኪዮስኩን ዘግቼ ላመላልሳት ብል የምንበላው የለም፤ ብቻዋን ልልቀቃት ብል ገና ሰባት ዓመቷ ነው። የዚህ ትምህርት ቤት ደወል ግን ኪዮስኬ ውስጥ ሆኜ ይሰማኛል። ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቷል ተብያለሁ፤ ማን እንደሚገባበት የምትወስነው ጻድቋ ናት። ስለዚህ አፌን ልሰበስብ ለራሴ ምዬ ነው ከቤት የወጣሁት። አፌ ደግሞ የእኔን መሐላ ሰምቶ አያውቅም።

በመጨረሻ በጣቷ ጠቀሰችኝ። ልጅቷን እዚያው ትቼ ገባሁ።

«እንደምን አደሩ» አልኳት።

«ውይ! እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?» ብላ ሳቀች። «አንድ ገንዳ ውስጥ ታጥበን ያደግን ሰዎች! ተቀመጪ ቁልፌ።»

ቁልፌ! እዚህ ትምህርት ቤት የወጣልኝ የማሾፊያ ስም ነው። ከዚህ ከወጣሁ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም። ቢሆንም ተቀመጥኩ። ለእንግዳ ያዘጋጀችው ወንበር ከእሷ ወንበር ዝቅ ያለ ነው፤ አገጬ የጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው።

«ሲስተር ሲጢጥ ትዝ ትልሻለች?» አለች።

ሲስተር ሲጢጥ ያልናት ጫማዋ ሲጢጥ ሲጢጥ ስለሚል ነው። ገና ከኮሪደሩ ጫፍ ስትነሳ ክፍሉ በሙሉ ጀርባውን አቅንቶ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃት ነበር።

«እሷማ እንዴት ትረሳለች» አልኳት።

«ነፍሷን ይማረውና፣ ጽሕፈታችንን ያሳመረችልን እሷ ናት።»

«የእኔን ግራ እጅ ከወንበሩ ጋር አስራ።»

«ለጥቅምሽ ነዋ! ይኸው ዛሬ በቀኝሽ ትጽፊያለሽ።»

«በቀኜ እጽፋለሁ። ሠርቼ የምበላው ግን በግራዬ ነው።»

ፈገግታዋ ትንሽ ጠበበ፤ አልጠፋም። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ሌላ ትዝታ አመጣች።

«ያ ግቢያችንስ! እንዴት ያለ ፍቅር ነበር አንቺዬ። እናቴ ዳቦ ጋግራ ስታወጣ መጀመሪያ የምትቆርሰው ለእናንተ ነበር።»

«ያረረውን ጎን» አልኳት።

«እናቴን ተያት። ሞታለች።»

«የእኔም ሞታለች። ልብሷን ከገመዱ ላይ እያወረደች የራሷን የምታሰጣባትን ሴትዮ ግን እስክትሞት ድረስ አልረሳቻትም።»

ትዝታችን እንዲህ ነበር። እሷ አንድ ጣፋጭ ነገር ታነሳለች፣ እኔ አመድ እነሰንስበታለሁ። የመጀመሪያ ቁርባናችን ቀን ስለለበስነው ነጭ ቀሚስ አነሳች፤ የእኔ የእሷ አሮጌ እንደነበረና ብብቱ ስር ተተርትሮ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ እንደቆረብኩ አስታወስኳት። ስለ መዘምራኑ አነሳች፤ አንቺ ፊት እንድትቆሚ እኔን ከኋላ ያቆሙኝ ማን ነግሯቸው ነው አልኳት። በልቤ «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ ውጭ ናት» እላለሁ። ዝም ለማለት ከንፈሬን እነክሳለሁ፤ ከንፈሬን ስለቅ ሌላ ነገር ያመልጠኛል።

መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ያቺ የኅብስት ነገርስ?» አለች። «ቁልፍ ሊያስቀርጽ ለመጣ ሁሉ አሁንም ታወሪያታለሽ አሉ።»

አወራታለሁ፤ አልክድም። ሲስተሮቹ ለእሑድ ቅዳሴ የሚሆነውን ስስ ነጭ ኅብስት የሚጋግሩት ራሳቸው ነበሩ። በክብ መቁረጫ ከቆረጡት በኋላ የሚተርፈውን ጠርዝ በቆርቆሮ ያጠራቅሙና ጠባይዋ ላማረ ልጅ ይሰጣሉ። ጣዕም የሚባል የለውም፤ ወረቀት በይው። እኛ ግን እንጋፋበት ነበር። ጠርዙም ክቡም የሚቀመጠው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለ ቁምሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ የሚንጠለጠለው ከጻድቋ አንገት ላይ። ለአሥር ዓመት ልጅ ትልቅ ሹመት ነበር፤ ስትተኛም አታወልቀውም ይባል ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት መልስ ግቢያችን ውስጥ ቅዳሴ እንጫወት አለች። ቄሱ እሷ፣ ምእመናኑ እኛ። የእናቷን የአልጋ ልብስ ደርባ መጣች። ከኪሷ ያወጣችው ግን ጠርዝ አልነበረም፤ መስቀል የታተመበት፣ ለእሑድ የተዘጋጀው ክብ ክቡ ነበር። ተንበርክከን ተሰልፈን ምላሳችን ላይ አኖረችልን። ገና የመጀመሪያ ቁርባኑን ላልተቀበለው ትንሽ ወንድሟም አኖረችለት።

በማግስቱ ልጁን ትኩሳት ያዘው። ጻድቋ ግንባሩን ነክታ ደነገጠች፤ ሳይገባው እግዚአብሔርን በልቶ ከውስጥ እየተቃጠለ ነው ብላ አመነች። ያልተባረከ ኅብስት ያው ኅብስት መሆኑን ማናችንም ልብ አላልንም። ወንድሟን ልታድን እየሮጠች ሄዳ ለሲስተር ሲጢጥ ሁሉንም ተናዘዘች። አንዲት ነገር ብቻ ለወጠች፤ ከቁምሣጥኑ ያወጣው ማን እንደሆነ። «ቁልፌ ናት፤ በአባቷ ማሽን ቁልፍ ቀርጻ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ከተቆለፈ ቁምሣጥን ዕቃ ጠፍቶ፣ የቁልፍ ቀራጭ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ሌላ ሌባ ፍለጋ ማን ይደክማል? ልጁን የያዘው ኩፍኝ ነበር፤ ዳነ። እኔ ተባረርኩ፤ ትምህርት የሚባለውን ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አባቴ አልመታኝም፤ አንቺ ነሽ ወይ ብሎም አልጠየቀኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከኪዮስኩ ሲወጣ ያልተቀረጹትን ቁልፎች ሳጥን ውስጥ ቆልፎባቸው ነበር የሚሄደው። ጻድቋን እስከ ዛሬ ድረስ የምጠላት ለዚያ ሳጥን ነው።

«አወራለሁ» አልኳት። «እውነት ስለሆነ።»

ተነስታ በሩ በደንብ መዘጋቱን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። አሁን ፈገግታ የለም።

«ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዱ አባት ተነስቶ፣ ‹የቁምሣጥኑ ቁልፍ አሁንም አንገትዎ ላይ ነው?› አለኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እዚህ ቤት ልጅ ሲሰርቅ የምቀጣው እኔ ነኝ። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ልጅቷ ኪዮስክሽ ውስጥ ነው ያደገችው። ወሬሽን ከጡጦ ጋር ነው የጠጣችው። የመጀመሪያው ቀን ለክፍሉ ሁሉ ትነዛዋለች። ስለዚህ ቦታውን ከፈለግሽ አሁን እጠራታለሁ፤ በእሷ ፊት የሰረቅኩት እኔ ነኝ ትያለሽ። ካልፈለግሽ በሩ ያውልሽ።»

ጠረጴዛዋን በመዳፌ መታሁት፤ እስክሪብቶዋ ተንከባሎ ወደቀ።

«ማን እንዳወጣው ታውቂያለሽ!»

«ወንድሜ እጄ ላይ ይነድ ነበር» አለች ቀስ ብላ። እስክሪብቶውን አላነሳችም። «አሥር ዓመቴ ነበር።»

«እኔስ ስንት ነበርኩ? ታዲያ ታውቂያለሻ!»

«እኔ የማውቀውን ማን ጠየቀሽ? የምትናገሪውን ነው የምጠይቅሽ።»

ተነሳሁ። እዚያች ሴት ፊት ከምዋረድ ልጅቷን በጀርባዬ አዝዬ አስፋልቱን ባሻግራት ይሻለኛል አልኩ። እጀታውን ይዣለሁ። በመስታወቱ ልጅቷን አየኋት። ከአግዳሚው ተነስታ የሁለተኛ ክፍል የትምህርት ክፍለ ጊዜ የተለጠፈበት ግድግዳ ጋ ቆማለች። በጣቷ መስመር መስመሩን እየተከተለች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሒሳብ፣ ንባብ፣ ሥዕል። ሥዕል ላይ ስትደርስ ብቻዋን ሳቀች።

እጀታውን ለቀቅኩት።

«ጥሪያት» አልኩ።

ጻድቋ ራሷ ከፍታ አስገባቻት፤ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። «ጎበዝ አንባቢ ነሽ አሉ፣ የኔ ቆንጆ። አያትሽ የምትነግርሽ ነገር አላት።»

ልጅቷን ላለማየት ከጻድቋ ጀርባ ያለውን መጋረጃ እያየሁ ተናገርኩ። «ያንን ኅብስት ከቁምሣጥኑ የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ቁልፉንም በአባቴ ማሽን የቀረጽኩት እኔው ነኝ።»

ልጅቷ እኔን አየች፤ ቀና ብላ ጻድቋን አየች፤ መልሳ እኔን አየች። አፏን ከፈተች። ደንበኛ ቆሞ ሳለ ስትለፈልፍ የማፈጥባትን ማፍጠጥ አፈጠጥኩባት፤ ዘጋችው።

«እና?» አለች ጻድቋ።

«እና በእሳቸው ያሳበብኩት ዋሽቼ ነው። ርዕሰ መምህርቷ ምንም አላደረጉም።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው አልኳት፤ ምላሴ ላይ መረረኝ። እሷ ግን ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም። እስክሪብቶውን ልታነሳ ጎንበስ አለች፤ ቀና እስክትል ብዙ ቆየች።

«ሰኞ ትጀምራለች» አለች። «ፀጉሯ ተጎንጉኖ ይምጣ።»

በሩ ጋ ስደርስ ዞር አልኩ። እንዲያው ሳላቆስላት ልወጣ አልቻልኩም።

«ያ ወንድምሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ልጆች ወልዷል።»

«እግዜር ያኑርልሽ» አልኳት። እንደ እርግማን ልወረውረው ነበር ያሰብኩት፤ ሲወጣ ምርቃት ሆነ። እሷም «አሜን» አለች።

ደረጃውን ወርደን ከግቢው እስክንወጣ ልጅቷ ድምፅዋን አላሰማችም። መድኃኒት ቤቱን አለፍን፤ የጎማ ጥገናውን አለፍን። እጇ እጄ ውስጥ ነበረ፤ ግን አልያዘችኝም፤ የያዝኳት እኔ ነኝ።

«እምዬ» አለች በመጨረሻ።

«ወዬ።»

«የዋሸሽው ኪዮስክ ውስጥ ስታወሪ ነው ወይስ አሁን ነው?»

ቆምኩ። አሁን ነው ብላት፣ ሰኞ የማስገባት ሌባና ውሸታም ከሆነች ርዕሰ መምህርት እጅ ነው። ልጅቷ ደግሞ አፏ የእኔ ነው፤ ሳምንት አትቆይም፤ ይባርሯታል። ከዚያ ቤት መባረር ምን እንደሚመስል የምነግራት እኔ ነኝ፤ እንድታየው ግን አልፈልግም።

«ኪዮስክ ውስጥ ሳወራ ነው የዋሸሁት» አልኳት።

ትከራከረኛለች ብዬ ነበር። ካልሲዋ ቀዩ ነው ሰማያዊው ነው ተብሎ ግማሽ ቀን የምትከራከር ልጅ ናት። ዝቅ ብዬ ዓይኗን እያየሁ ጠበቅኳት። አይደለም በይኝ፣ አንቺ አልሰረቅሽም በይኝ፣ አንዴ ብቻ በይኝና ተቆጥቼ ዝም አሰኝሻለሁ እያልኩ ጠበቅኳት።

«እሺ» አለች።

ወዲያው አመነችኝ።