የአራሷ ስም

«የቤት ስሟን አይደለም እማማ፣ የመዝገብ ስሟን ነው የምጠይቅዎ» አለች እታለማሁ፣ ከካርድ ክፍሉ መስኮት አንገቷን አውጥታ።

ወይዘሮ ስሜነሽ የዘጠኝ ቀኑን ጨቅላ በጋቢያቸው እንዳቀፉ ተጠጉ። «ውብአየሁ አልኩሽ እኮ ልጄ። ሌላ ምን ስም አላት?»

«ውብአየሁን ማን አወጣላት?»

«እኔ ነኛ። ምራቴ አይደለች? ቤቴ በገባች ማግስት ነው ያወጣሁላት።»

«አባቷ ቤት ማን ነበረች ታዲያ?»

«እሱንስ አላውቀውም» አሉ ስሜነሽ፣ ጨቅላውን ወደ ሌላው ክንዳቸው እያዛወሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራሷን ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳት ሲያንገበግባት አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ሰው መለየት ተወች። አምቡላንስ እንዳይጠራ ከትናንት ጀምሮ ስልኩ ሁሉ ኔትወርክ የለውም። መንደሩ ግን ለዚህ ለዚህ አያንስም። የዕድሩ ቃሬዛ ከተሰቀለበት ወረደ፤ ስምንት ጎረምሶች እየተቀባበሉ፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ እስከ እንጅባራ ዳር ካለው ጤና ጣቢያ አንዴም ሳያሳርፏት አደረሷት።

ጤና መኮንኑ ፀጋው ልጅ እግር ነው። መርምሯት ሲያበቃ «ማህፀኗ አመርቅዟል፤ መርፌ አሁኑኑ ያስፈልጋታል» አለ። ስሜነሽ የዛሬ ሁለት ዓመቱን ያነሱት ያኔ ነው። እዚሁ ጤና ጣቢያ፣ አንድ መርፌ ተወግታ ፊቷ አብጦ፣ ጉሮሮዋ ተዘግቶ፣ በስንት መከራ ነው የተረፈችው። መርፌው የትኛው እንደነበር ካርዷ ላይ ተጽፏል። ካርዷ ደግሞ አምና ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ከትናንት ወዲህ አንዲት ቃል አልሰጠም፤ በዞኑ ሁሉ እንደዚሁ ነው ይባላል። ስሜነሽ የካርድ ቁጥሯ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጥተዋል፤ ያለ ማሽኑ ቁጥሩ ምን ይሠራል?

እታለማሁ ግን አንድ ነገር አድርጋ ነበር። አሮጌዎቹን ካርዶች አቃጥዪ ስትባል እጇ እምቢ ብሏት፣ ስድስት ጆንያ ሞልታ ዕቃ ቤት አስቀምጣቸዋለች። የታሠሩት በስም ፊደል ተራ ነው። የ«ው»ን እስር ሁለት ጊዜ ገለበጠችው። የዘንገናዋ ውብአየሁ የለችም።

በዚያ ሰፈር ወግ ሙሽራ ስትመጣ አማት ስም ታወጣላታለች። ስሙ ፍቅር ነው፣ ማዕረግም ነው። ከዚያ ወዲያ የአባት ቤት ስሟን ማንም አያነሳውም፤ መጠየቁ ራሱ ነውር ይመስላል። የሚያውቀው ባሏ፣ ስማቸው የሚባለው የስሜነሽ ልጅ፣ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው። ስሜነሽ እንግዲህ አምስት ዓመት አብረዋት አንድ ትሪ ላይ ቆርሰዋል።

«የአባቷንስ ያውቃሉ?» አለች እታለማሁ።

«እሱንማ። አዝመራው ነው፣ የአዲስ ቅዳሙ።»

«በሉ እንግዲህ ስድስቱንም ጆንያ እንፈልግ። ማንበብ የሚችል አለ?»

ከስምንቱ ሦስቱ ተነሡ። አምስቱ ቃሬዛውን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው መሐል ቀርቅረው ቀሩ። ከእነሱ መሐል ደጉ የሚባለው ስሟን ጠይቆ ሊመጣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ አራሷ አባት ቤት ተነሣ፤ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ያለው ግን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

«ቢከንፍ እንኳ ማታ ነው ተመልሶ የሚደርሰው» አለ አንዱ።

«የላሞቹን ስም ብትጠይቋቸው» አለ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ ስሜነሽ እስከ ቅድመ አያታቸው በስም ይነግሯችኋል።»

ስሜነሽ ሰምተዋል። ዞር ብለው አላዩትም።

ውስጥ አራሷ በአገውኛ ታወራለች። ስሜነሽ ከአማርኛ ሌላ አያውቁም።

«ምን ትላለች ልጄ?»

እታለማሁ ጆሮዋን አስጠጋች። «እናቷን ነው የምትጠራ።» ከዚያ እሷም በአገውኛ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ ስሟን ጠየቀቻት። አራሷ እናቷን ከመጥራት አልወጣችም።

ፀጋው ሁለት ብልቃጦች ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «ይኼ ፈጥኖ ያድናታል፤ ያኔ የጎዳት እሱ ከሆነ ግን እዚሁ እናጣታለን። ያኛው አይጎዳትም፤ ጉልበቱ ግን ደካማ ነው።»

«አንተ ምን ትላለህ ዶክተር?»

«እኔማ ካርዱን ነው የምለው እማማ። ማሽኑ ሲገባ ሦስት ቀን አሠለጠኑን። ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ የነገረን የለም።»

ደካማውን ወጋትና ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነ። ዕቃ ቤት ውስጥ ሦስቱ ልጆች ገና ሁለተኛው ጆንያ ላይ ናቸው። አዝመራው የሚባል አባት ያላቸው አስራ አንድ ሴቶች ተገኝተዋል፤ አንዷም ከዘንገና አይደለችም።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ እታለማሁ መስመር ያሠመረችበት ነጭ ወረቀት ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ማሽኑ እስኪመለስ በእጅ ካርድ ላውጣላት። የወሰደችው መርፌ ይጻፍ፤ ማታ ተረኛ ይለወጣል። ውብአየሁ ልበል? ሲመሽ እናስተካክለዋለን።»

ስሜነሽ ወረቀቱን አዩት። ጨቅላው መንጠራራት ጀምሮ ነበር፤ ወደ ትከሻቸው ከፍ አደረጉት።

«ተይው።»

«ስም የሌለው ካርድ እኮ አይሆንም።»

«የአባቷን ጻፊ። የእኔንም ጻፊ፣ የማን ምራት እንደሆነች እንዲያውቁ። የፊተኛውን ባዶ ተይላት፤ ስትነቃ ራሷ ትነግርሻለች።»