የተሳቢው ድጋፍ

ለሆሞሻው ገበሬ ለሙዐዊያ ከአሮጌ መኪና ሻንሲ ተሳቢ ሠራሁለት። ትራክተር ይጎትተዋል፣ ሳጥኑ በክሪክ ተነስቶ ጭነቱን ይገለብጣል። ለሙከራ ድንጋይ ጭነን ሳጥኑን ድንጋዩ ሳይገለበጥ እስከ ግማሽ ስናነሳው ማጠፊያው ሲጥ ሲጥ አለ። ግራሶ ልቀባው ከሥሩ ልገባ ስል ሙዐዊያ ወፍራም ቀርከሃ አምጥቶ ከሳጥኑ ሥር አቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ በብረት የተያዘውን በቀርከሃ ልትደግፍ ነው? ሃያ ዓመት የበየድኩ ሰው ነኝ! አንሳልኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ወርቅ ልንቆፍር ጉድጓድ ስንገባ ይሄን ነው የምናቆመው» አለኝ። «ሊሰበር ሲል ይጮሃል፣ እንወጣለን። ይቁም።»

እየተሳደብኩ ገባሁ። በጀርባዬ ተንጋልዬ ስቀባ ያ ሁሉ ድንጋይ ከደረቴ በላይ ነው። ድንገት ቀርከሃው «ጧ!» አለ። ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ሙዐዊያ እግሬን ይዞ ጎተተኝ። ጭንቅላቴ እንደወጣ ቀርከሃው ለሁለት ተሰንጥቆ ሳጥኑ ወረደ፤ የግራሶ ጣሳዬ ተጨፍልቆ ቂጣ መሰለ።

አቧራው ሲበርድ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ክሪኩ ደህና ነው። የተላቀቀው ክሪኩ የተቀመጠበት፣ እኔ በእጄ የበየድኩት ብረት ነው። ሃያ ዓመት የኮራሁበት ብየዳ ትንፍሽ ሳይል ነው የለቀቀው።